ምስክሩ የታለ? የእንግሊዝኛ ንባብና ሰዋስው የቤት ሥራ አሠራር

ማታ ነው። ራት ተበልቷል። የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ ጎኔ ይቀመጣል። ሰባተኛ ክፍል ነው። «ፓሴጁን አንብቤዋለሁ፣ ግን አልገባኝም» ይለኛል። ደብተሩን ስገልጥ አምስቱም ጥያቄዎች ተመልሰዋል። «ካልገባህ እንዴት መለስከው?» ስለው ትከሻውን ይሰብቃል። «መሰለኝ።»

ይቺ «መሰለኝ» ናት ጉድ የምትሠራን። ስለዚህ እኛ ቤት አንድ ሕግ ወጣ። ያለ ምስክር መልስ አይጻፍም። የንባብ ጥያቄ ከሆነ መልሱ ፓሴጁ ውስጥ የት ጋ እንዳለ ጣትህን አስቀምጠህ ታሳየኛለህ። የሰዋስው ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መልሱን የምትነግርህን ቃል ታከብባታለህ። ምስክር ከሌለህ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ገና አልጨረስክም።

ይህን የምጽፈው ከልጅ ጎን ለሚቀመጡ እናቶች፣ አባቶችና ታላላቆች ነው። እንግሊዝኛችሁ ቢዝግም ግድ የለም። «የት ጋ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ልጁ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገልብጣቸው፣ ስፔሊንግም ይለማመድበታል።

መጀመሪያ ጥያቄው

አብዛኛው ልጅ ፓሴጁን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ የማያውቀው ቃል ሁሉ ላይ ይቆማል፣ መዝገበ ቃላት ይገልጣል። ጥያቄው ጋ ሲደርስ ደክሞታል። የመጀመሪያውንም አንቀጽ ረስቶታል።

ገልብጡት። በቅድሚያ ጥያቄዎቹን ያንብብ። ምርጫዎቹን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ብቻ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ቁልፍ ቃል ያስምርበት፤ ስም፣ ቁጥር፣ ቦታ ወይም ጊዜ። ከዚያ ፓሴጁን ሳይቆም አንድ ጊዜ ያንብብ። ያልገባው ቃል ካለ ይለፈው። በሁለተኛው ንባብ ላይ እርሳስ ይያዝ።

ያልታወቀ ቃል ሁሉ አይፈለግም። ብዙ ጊዜ አስር አዲስ ቃል ካለ ለጥያቄዎቹ የሚያስፈልጉት ሁለት ሦስቱ ናቸው። የቀሩትን ቅዳሜ ይማራቸዋል።

አሁን በአንድ ትንሽ ፓሴጅ እንየው። ለእህቴ ልጅ ብዬ ራሴ የሠራሁት ነው፤ ጉድጓዶቹንም ሆን ብዬ ነው የቆፈርኳቸው።

«አልማዝ ሴልስ ኮፊ ኒር ዘ ባስ ስቴሽን። ሺ ኦፕንስ ኸር ሾፕ አት ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒንግ። ኸር ብራዘር ዩዝድ ቱ ሄልፕ ኸር፣ በት ሂ ሙቭድ ቱ ሀዋሳ ላስት ዪር። ሲንስ ዘን፣ ሺ ሃዝ ሃየርድ ቱ ገርልስ። ዘይ ዋሽ ዘ ከፕስ ዋይል ሺ ሮስትስ ዘ ቢንስ።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ናት። የኛን ልጆች የሚጥለው ነገር ግን ሞልቶባታል።

ሰዓቱ

ጥያቄ፦ አልማዝ ሱቋን የምትከፍተው መቼ ነው? በማለዳ ወይስ በእኩለ ቀን? የእህቴ ልጅ «ሲክስ» የሚለውን አየና «ስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን» አለ። ጣቱ ትክክለኛው ቃል ላይ ነበር። ሰዓቱ ግን የኛ ሆነበት። በእንግሊዝኛ ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒንግ ማለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

አልሳቅሁበትም። እኔም ተማሪ ሳለሁ «ባቡሩ በሰቨን ኢን ዘ ኢቭኒንግ ተነሣ» የሚል ፓሴጅ ገጥሞኝ ነበር። ባቡሩ ሲነሣ ጨልሞ ነበር ወይ ተባልኩ። 7 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ነው ብዬ «ኖ» አልኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑን የገባኝ እርማት ላይ ነው።

ስለዚህ ፓሴጅ ውስጥ ሰዓት በታየ ቁጥር ልጁ ጎኑ ላይ የኛን ሰዓት ይጻፍበት። የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። ሰቨን ሲሆን 1፣ ስሪ ሲሆን 9። መልሱን ሲጽፍ ግን የፓሴጁን ሰዓት እንዳለ ይገልብጥ።

«ዘይ» እነማን ናቸው?

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ «ዘይ» የሚለው ማንን ያመለክታል? ምርጫዎቹ፦ ሲኒዎቹን፣ የቡና ፍሬዎቹን፣ ሁለቱን ልጃገረዶች፣ አልማዝንና ወንድሟን።

ይህ ጥያቄ ከክፍል ክፍል፣ ከፈተና ፈተና እየተከተለ ይመጣል። አማርኛ «እነሱ»ን ግሱ ውስጥ ይሸሽገዋል። «ያጥባሉ» ካልን በቃ፣ እነማን እንደሆኑ ግሱ ተናግሯል። ስለዚህ ልጆቻችን «ዘይ»፣ «ኢት»፣ «ዜም» የሚሉትን ትናንሽ ቃላት ሳያዩ ያልፏቸዋል። «ኢት» ደግሞ የባሰ ነው። እኛ ጋ ዕቃም እሱ ወይም እሷ ነዋ።

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ምርጫ «ዘይ» በነበረበት ቦታ አስገብቶ ያንብብ። «ዘ ከፕስ ዋሽ ዘ ከፕስ።» ሲኒዎቹ ሲኒዎቹን ያጥባሉ! እዚህ ላይ ልጁ ይስቃል፤ የሳቀበት ምርጫ ይሰረዛል። «ዘ ቢንስ ዋሽ ዘ ከፕስ» ሲልም እንደዚያው። «አልማዝ ኤንድ ኸር ብራዘር» ሲል አይስቅም። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ይመለስ። ወንድሟ ሀዋሳ ሄዷል። አልማዝም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሺ» ተብላ ለብቻዋ ትቆላለች። ቀሩ ልጃገረዶቹ።

ይረዳት ነበር ወይስ ይረዳታል?

እውነት ወይስ ሐሰት፦ የአልማዝ ወንድም አሁን ሱቁ ውስጥ ይረዳታል። ልጁ «ሄልፕ» የሚለውን ቃል ፓሴጁ ውስጥ አገኘው፣ ጥያቄውም ውስጥ አገኘው፣ «ትሩ» ብሎ ጻፈ። ቃል ከቃል ጋር ማዛመድ ማለት ይህ ነው። ጥያቄ አውጪዎች ይህን ልማድ ስለሚያውቁ ሆን ብለው ከፓሴጁ ቃል ይወስዳሉ።

«ዩዝድ ቱ ሄልፕ» ማለት «ይረዳት ነበር» ነው፤ አሁን ቀርቷል። ልጆች «ዩዝ» ሲባል «ተጠቀመ»ን ብቻ ስለሚያውቁ «ለመርዳት ተጠቀመ» እያሉ ይደናገራሉ። ይህን ባያውቅ እንኳ ሁለተኛ ምስክር አለ። «በት» የሚለው ቃል። ከ«በት» በኋላ ያለው ነገር ከፊቱ ያለውን ያፈርሳል ወይም ይለውጣል። ልጁ ፓሴጅ ውስጥ «በት» እና «ሃውኤቨር» ባየ ቁጥር ያክብባቸው። ግማሹ ጥያቄ እዚያ አካባቢ ነው የሚያደባው።

ባቄላ ትቆላለች?

ጥያቄ፦ «ሮስትስ» ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ጋ የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ «ቡና እየሸጠች ባቄላ ለምን ትቆላለች?» አለኝ። «ቢንስ» ብሎ የተማረው ባቄላን ነው። ጥያቄው ግን ደስ አለኝ፤ ነገሩ አልገጥም ብሎታልና። የሚያውቀው ትርጉም ከፓሴጁ ጋር ሲጣላ የሚለወጠው ትርጉሙ ነው። ሴትዮዋ ቡና ሻጭ ናት፣ ሲኒ ይታጠባል፤ «ቢንስ» የቡና ፍሬ ነው። ፍሬው የቡና ከሆነ ሲኒው እየታጠበ ባለበት ሰዓት ምን እንደሚደረግ የኢትዮጵያ ልጅ መዝገበ ቃላት አይፈልግም። ይቆላል።

«ሃየርድ» የሚለውም እንደዚያው ነው። መኪና ሲሆን መከራየት፣ ሰው ሲሆን መቅጠር። ከአዲስ ቃል ግራና ቀኝ ያሉትን ቃላት ሳያዩ ትርጉም መሸምደድ ልፋት ብቻ ነው።

ፓሴጁ ያላለውን አለማለት

ጥያቄ፦ ከፓሴጁ ምን መረዳት ይቻላል? ሀ) ወንድሟ ለሱቁ ይጠቅም ነበር። ለ) አልማዝ ወንድሟን አትወደውም። ሐ) ልጃገረዶቹ እህቶቿ ናቸው። መ) ሀዋሳ ሐይቅ አላት።

የእህቴ ልጅ «መ» አለ። ሀዋሳ ሐይቅ የላትም ብዬ እንዳልከራከረው ሐይቁን አብረን አይተነዋል፣ ዓሣም በልተንበታል! ግን ፓሴጁ ስለ ሐይቅ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «ጣትህን አስቀምጥልኝ» አልኩት። ጣቱ ፓሴጁ ላይ ዞሮ ዞሮ ማረፊያ አጣ።

«ሀ» ግን ማረፊያ አለው። ይረዳት ነበር፣ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ቀጠረች። ሦስት ቦታ ጣት ማስቀመጥ ይቻላል። በቀጥታ ያልተጻፈ ነገር የሚጠየቅበት ጥያቄም ምስክር ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ምስክሮቹ ሁለት ሦስት መሆናቸው ነው።

«ለፓሴጁ የሚስማማው ርዕስ የቱ ነው?» የሚለው መጨረሻ ላይ ይሠራ። አንድ ዓረፍተ ነገርን ብቻ የሚሸፍን ርዕስ ጠባብ ነው፤ «ቡና በዓለም ላይ» ዓይነቱ ደግሞ ሰፊ ነው። ሁለቱን ካወጣችሁ ብዙ አይቀርም።

መልሱን ሲጽፍ

መልሱን አግኝቶ አጻጻፉ ላይ የሚወድቅ ልጅ ብዙ ነው። «ዌን ደዝ አልማዝ ኦፕን ኸር ሾፕ?» ተብሎ ተጠየቀ። ልጁ «አልማዝ ኦፕን ኸር ሾፕ አት ሲክስ» ብሎ ጻፈ። «ኤስ» የታለች?

ለእህቴ ልጅ እንዲህ ብዬ ነው የነገርኩት። ጥያቄው ውስጥ «ኤስ»ን የያዛት «ደዝ» ነው። መልሱ ላይ «ደዝ» ሲሄድ አደራውን ለግሱ ያስረክባል፦ «አልማዝ ኦፕንስ ኸር ሾፕ።» «ዲድ» ሲሆንም ያው ነው። «ዌን ዲድ ሂ ሙቭ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ሂ ሙቭድ» ይሆናል። «ዲድ» ያላፊ ጊዜውን ለግሱ አስረክቦ ወጣ። ይህች የርክክብ ነገር ከገባችው የጽሑፍ መልሱ ግማሽ ስህተት ይጠፋል።

ሰዋስው፦ ቃሏን ፈልግ

ባዶ ቦታ ሙላ ሲባል ልጁ ባዶው ቦታ ላይ ይፈጣል። መልሱ ያለው ግን ከባዶው ቦታ ውጭ ነው።

ቴንስ ከሆነ የጊዜ ቃል ይፈለግ። «የስተርደይ»፣ «አጎ»፣ «ላስት» ካሉ ተራ ያላፊ ጊዜ ነው። «ኤቭሪ» እና «ዩዡዋሊ» የዘወትር ነው። «ናው» ወይም «ሉክ!» ካለ አሁን እየተደረገ ያለ ነው። «ሲንስ»፣ «ኦልሬዲ» እና «ዬት» በአብዛኛው «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ይፈልጋሉ። «ፎር» ላይ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ነገሩ እስከ አሁን ከቀጠለ «ሃዝ»፣ ካበቃ ተራ ያላፊ ጊዜ ነው።

አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። «ሺ (ዎርክ) ሂር ሲንስ ላስት ዪር።» ልጁ «ላስት ዪር»ን አየና «ዎርክድ» ብሎ ሞላ። ምስክር አለኝ ብሎም ተከራከረኝ። ግን ከ«ላስት ዪር» ፊት «ሲንስ» ቆማለች። «አምና» እና «ከአምና ጀምሮ» አንድ አይደሉም። ስለዚህ «ሃዝ ዎርክድ» ነው። ምስክሩን ሲያከብብ ፊቱ ያለችውንም ቃል አብሮ ያክብባት።

እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናልም፣ ያሳስተናልም። «መጣ» እና «መጥቷል» ብለን እንለያለን፤ «ሂ ኬም» እና «ሂ ሃዝ ካም» ለሚባለው ጥሩ መነሻ ነው። ችግሩ እኛ «ትናንት መጥቷል» ብንል ማንም አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ካለ «ሃዝ»ን አያስገባም።

ነጠላና ብዙ ላይ «ኤስ» ልጆችን ታምታታለች። ስም ላይ ስትሆን ብዙ፣ ግስ ላይ ስትሆን አንድ። «ዘ ዶግ ባርክስ፣ ዘ ዶግስ ባርክ።» አንዲት ጋቢ ለሁለት ሰው በሏት። ስሙ ከለበሳት ግሱ ይበርደዋል፣ ግሱ ከለበሳት ስሙ ይበርደዋል። «ፒፕል» እና «ችልድረን» ግን ያለ «ኤስ»ም ብዙ ናቸውና ግሳቸው ላይ አትጨመርም።

ከዚህ የሚከብደው ይኼ ነው፦ «ዘ ቦክስ ኦፍ ከፕስ (ኢዝ / አር) ኦን ዘ ቴብል።» ልጁ ለግሱ የቀረበውን «ከፕስ» አይቶ «አር» ይላል። በአማርኛ ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ «የሲኒዎቹ ሳጥን» ስንል ለግሱ የሚቀርበው ሳጥኑ ነው። እንግሊዝኛ ዋናውን አስቀድሞ «ኦፍ» ይላል። ስለዚህ ከ«ኦፍ» ጀምሮ ያለውን በእጁ ይሸፍነው። «ዘ ቦክስ» ብቻ ቀረ። «ኢዝ»።

ሰው ያለውን መልሶ መናገር ሌላው ነው። «ነገ እመጣለሁ አለ» ስንል ቃሉን እንዳለ እናስቀምጣለን፤ «እመጣለሁ» ያለው እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው፣ ሁሉም ይገባዋል። እንግሊዝኛ በዚህ መልኩ ሲያወራ ሰውዬውንም ጊዜውንም ይቀይራል። «አይ ዊል ካም ቱሞሮ» ያለው ሰው «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም ዘ ኔክስት ደይ» ይሆናል። «አይ» ወደ «ሂ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ቱሞሮ» ወደ «ዘ ኔክስት ደይ»። ልጁ ሦስት ነገር መቀየሩን በጣቱ ይቁጠር። ሁለት ብቻ ካገኘ አንዱን ረስቷል። ምስክሯ «ሴድ» ናት፤ «ሂ ሴዝ» ከሆነ «ዊል» አይቀየርም።

«ኢፍ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ያስፈራል እንጂ አይከብድም። «ከመጣ እነግረዋለሁ»፣ «ሀብታም ብሆን ቤት እገዛ ነበር»፣ «ቢመጣ ኖሮ እነግረው ነበር።» ሦስቱን በአማርኛ በየቀኑ እንላቸዋለን። በእንግሊዝኛ ከ«ኢፍ» ቀጥሎ ያለውን ግስ ማየት ነው። የአሁን ከሆነ ማዶ «ዊል»፣ ያላፊ ከሆነ «ዉድ»፣ «ሃድ» ከነተከታዩ ካለ «ዉድ ሃቭ»። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ይበለው፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጆሮው ይነግረዋል።

በአሉታ ሲጠየቅ ደግሞ ጥንቃቄ። «አልበላህም?» ሲባል እኛ «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን፤ ከጠያቂው ጋር መስማማታችን ነው። በእንግሊዝኛ ያልበላ ሰው «ኖ» ነው የሚለው፣ አጠያየቁ ምንም ቢሆን። «የስ፣ አይ ዲድንት» ብሎ የጻፈ ልጅ እንግሊዝኛ ሳይሆን የተረጎመ አማርኛ ነው የጻፈው።

ከትርጉም የሚመጡ ትንንሽ ስህተቶች ብዙ ናቸው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንጨምራለን፤ አያስፈልገውም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን፤ «ሜሪድ ኸር» በቂ ነው። «በጣም» ሲሆን «ቬሪ» ይበል፤ ሁለት «ኦ» ያላት «ቱ» ብዙውን ጊዜ ከልክ ያለፈ ማለት ናት።

ስልክ ጉዳይ

ልጁ ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ ለቻትጂፒቲ ይልካል፣ ወይም ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ መልሱን ይወስዳል። አልክድም፣ እኔም ሲቸግረኝ አያለሁ። እኛ ቤት ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ራሱ ይሠራል። ከዚያ ስልኩን ከፈለገ «መልሱ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ምስክሩ የትኛው ቃል ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የተሰጠውንም ከፓሴጁ ጋር ያመሳክራል። ስልክም «መሰለኝ» ይላል፣ ድምፁ ስለማይንቀጠቀጥ ነው የሚታመነው።

የስህተት ደብተር

እርማት ሲመለስ ኤክስ የተደረገበትን ብቻ በአንዲት ትንሽ ደብተር ይጻፍ። የኔ ስህተት፣ ትክክሉ፣ ምስክሩ። ሦስት ነገር በአንድ መስመር። ብዙ አይጻፍ፣ ይሰለቻል። ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ ከመጽሐፉ ሁሉ በፊት የሚያነባት እሷን ነው። ዘጠነኛ ሲገባ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፓሴጅ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

የእህቴ ልጅ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒንግ = 12» ይላል። ሥሩ ደግሞ በቀይ እስክርቢቶ፣ «ቢንስ ሁሉ ባቄላ አይደለም።»